ጽሑፋችሁን ለሁሉም ክፍት የምታደርጉበት ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሒሳብ ተማሪዎች የሚሆን ባለ 64 ገጽ ማስታወሻ አዘጋጅቼ ኢንተርኔት ላይ ጫንኩ። መጨረሻው ገጽ ላይ «በነጻ የቀረበ፣ ለሁሉም» ብዬ ጻፍኩበት። በቃ፣ ጨረስኩ ብዬ ሌላ ሥራ ውስጥ ገባሁ። ከወራት በኋላ አንዲት አስተማሪ ኢሜይል ላከችልኝ። «ሦስተኛውን ምዕራፍ ተርጉሜ ለተማሪዎቼ ባባዛው ቅር ይልዎታል?» ነው ጥያቄዋ። ኢሜይሉን ያየሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው። የትምህርት ዓመቱ አልቆ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው። «በነጻ» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይሸከማል። አንደኛው ገንዘብ አልጠይቅም ማለት ነው። ሁለተኛው እንደ ልብ ተጠቀሙበት ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የተናገርኩት። መተርጎም ይቻላል? ማባዛትስ? ቆርጦ ሌላ መጽሐፍ ውስጥ ማስገባትስ? አንዱንም አልመለስኩም። እሷ ደግሞ ጨዋ ሰው ስለሆነች ፈቃድ ጠብቃ ቀረች።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሌላ ሰው እንደዚያ ቆሞ እንዳይቀር ነው። ማስታወሻ፣ መጽሐፍ፣ ፎቶ፣ የጥናት ወረቀት ወይም የድምፅ ቅጂ ይሁን፣ አካሄዱ ያው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ዝም ማለት መቆለፍ ነው

የቅጂ መብት ሳይጠሩት የሚመጣ ነገር ነው። በ1886 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል፣ የበርን ስምምነት፣ በ1908 ከተሻሻለ ወዲህ፣ መብቱ ያለ ምዝገባና ያለ ምንም ምልክት እንዲጸና ያዛል። ስለዚህ በስምምነቱ ባሉ አገሮች ጽሑፉን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ተቆልፏል። እናንተ ቁልፉን ባትፈልጉትም ተሰጥቷችኋል።

ስንት ጊዜ ይቆያል? በበርን ስምምነት ዝቅተኛው መለኪያ የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው። ብዙ አገሮች 70 አድርገውታል። እስቲ አስሉት። በ30 ዓመቱ የጻፈ ሰው 80 ዓመት ቢኖር፣ በ70ው ሕግ ያ ጽሑፍ 120 ዓመት ይቆለፋል። የልጅ ልጅ ልጆች ናቸው ያለ ፈቃድ የሚገለብጡት።

ጥንት እንዲህ አልነበረም። እንግሊዝ በ1710 ያወጣችው የቅጂ መብት ሕግ በርዕሱ ራሱ ትምህርትን ለማበረታታት መውጣቱን ይናገራል። ጥበቃው ለአዲስ መጽሐፍ 14 ዓመት ነበር። ደራሲው በሕይወት ካለ ሌላ 14 ይጨመርለታል። ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ሲረዝም እንጂ ሲያጥር አላየንም። አሜሪካ በ1998 በአንድ ጊዜ 20 ዓመት ጨመረች። በዚህ ምክንያት በ1923 የታተሙ ሥራዎች ነጻ የወጡት በጃንዋሪ 1፣ 2019 ነው። በመሃሉ ለ20 ዓመት ያህል አንድም አዲስ ዓመት የታተመ ሥራ ወደ ሕዝብ ሀብትነት (ማንም ያለ ፈቃድ ወደሚጠቀምበት ደረጃ) አልተሻገረም።

እንግዲህ መክፈት የምትፈልጉ ከሆነ በአፍ ማለት አይበቃም። በጽሑፍ፣ ሕግ በሚያውቀው ቋንቋ መናገር አለባችሁ።

ደረጃ 1፦ የራሳችሁ መሆኑን አረጋግጡ

የሌላችሁን ነገር መስጠት አትችሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ የሥራ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። በሥራ ሰዓት፣ ለሥራ የተጻፈ ነገር በብዙ አገር ሕግ የአሠሪው ነው። እንዲህ ከሆነ የአሠሪውን ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ። ከሌላ ሰው ጋር የጻፋችሁት ከሆነ የሁላችሁም ስምምነት ያስፈልጋል። ለአሳታሚ ፈርማችሁ ከሰጣችሁም መብቱ አሁን የማን እንደሆነ ከውሉ ላይ ፈልጉ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡ። እኔ ማስታወሻዬን እንደገና ስከፍተው 41 ምስል ነበረው። ለሁሉም ሠንጠረዥ ሠራሁ። ዓምዶቹ አራት ናቸው፦ የምስሉ ቁጥር፣ የሠራው ሰው፣ ያገኘሁበት ቦታ፣ ፈቃዱ። 35ቱ የእኔ ነበሩ። ስድስቱ የሌላ ሰው ናቸው። ከስድስቱ ሁለቱ ጊዜያቸው ያለፈና የሕዝብ ሀብት የሆኑ ናቸው። ሁለቱ በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። የቀሩትን ሁለቱን ከየት እንዳመጣኋቸው ራሴም አላስታውስም። እነሱን አውጥቼ በእጄ አዲስ ሣልኩ። አንድ ምሽት ፈጀብኝ።

እንደገና መሣል የሚቻለው የቅጂ መብት ሐሳብን ስለማይጠብቅ ነው። የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጠበትን መንገድ ነው። የፒታጎረስ ቀመር የማንም አይደለም። አንድ ሰው ያንን ቀመር ለማስረዳት የሣለው ሥዕል ግን የእሱ ነው። አጭር ጥቅስም እንዳያስጨንቃችሁ። የበርን ስምምነት ራሱ፣ ምንጩንና የደራሲውን ስም እስከጠቀሳችሁና መጠኑ ከዓላማው ካላለፈ ድረስ፣ ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል።

ደረጃ 2፦ ፈቃዱን ምረጡ

የራሳችሁን ፈቃድ ከባዶ አትጻፉ። እባካችሁ። «ለበጎ ዓላማ ብቻ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለጻፈው ግልጽ ነው፣ ለሚያነበው ግን ክርክር ነው። ክሪዬቲቭ ኮመንስ (በአጭሩ ሲሲ) የተባለው ድርጅት በ2001 ተቋቁሞ በ2002 መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች ያወጣው ለዚህ ነው። አሁን የምንጠቀመው በ2013 የወጣውን እትም 4.0 ነው።

ፈቃዶቹ ስድስት ናቸው። የተሠሩት ግን ከአራት ነገሮች ብቻ ነው። «ባይ» ማለት ስሜን ጥቀሱ ነው፣ ስድስቱም ላይ አለ። «ኤስኤ» ማለት ለውጣችሁ ካጋራችሁ በዚያው ፈቃድ አጋሩ ነው። «ኤንሲ» ማለት ለንግድ አይሆንም ነው። «ኤንዲ» ማለት የተለወጠ ቅጂ አታሰራጩ ነው። ከስድስቱ ውጭ ደግሞ «ሲሲ ዜሮ» አለ። እሱ ሕጉ እስከፈቀደ ድረስ መብቱን በሙሉ መተው ነው።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ ቀን «ኤንሲ»ንና «ኤንዲ»ን ይመርጣል። ስለሚፈራ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ እኔም ነበረብኝ። ግን እያንዳንዱ ምን እንደሚዘጋ አይታችሁ ወስኑ።

«ኤንዲ» ትርጉምን ይዘጋል። መተርጎም መለወጥ ነውና። ያቺ አስተማሪ ማስታወሻዬ በ«ኤንዲ» ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛውን ምዕራፍ ተርጉማ ለተማሪዎቿ ማደል አትችልም ነበር። ጥቂት ተናጋሪ ላለው ቋንቋ ይህ ትልቅ በር መዝጋት ነው። እውነት ለመናገር፣ ለትምህርት ሥራ «ኤንዲ» የሚያስፈልግበት አጋጣሚ አልታየኝም። ለግል ምስክርነት ወይም ለአቋም መግለጫ ግን ይገባል።

«ኤንሲ» ደግሞ ድንበሩ ደብዛዛ ነው። ክፍያ የሚያስከፍል ትምህርት ቤት ንግድ ነው? ማስታወቂያ ያለበት ድረ ገጽስ? ወረቀትና ቀለሙን ብቻ የሚያስከፍል አባዢስ? ፈቃዱ የሚከለክለው በዋናነት ለንግድ ጥቅም ወይም ለገንዘብ ክፍያ የታለመ አጠቃቀምን ነው። ዳሩ ግን ጠንቃቃ ሰው ገና ሲያነበው ይተወዋል። በነጻ የሚወሰዱ ፎቶዎችና ድምፆች የሚከማቹበት ድረ ገጽ፣ ዊኪሚዲያ ኮመንስም፣ ከነአካቴው አይቀበለውም። «ኤንዲ»ንም እንደዚሁ።

«ሰው ሸጦ ቢከብርበትስ?» የምትሉ ካላችሁ «ኤስኤ» አለላችሁ። አሻሽሎ የሸጠ ሰው ያሻሻለውን በዚያው ፈቃድ ክፍት ማድረግ አለበት። የእናንተ ነጻ ቅጂም ከቦታው አይጠፋም። ዊኪፔዲያ ከ2009 ጀምሮ የተመሠረተው በዚሁ ፈቃድ ላይ ነው። እኔም የመረጥኩት እሱን ነው፦ ሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0።

ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፈቃዱ አይመለስም። ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ፋይሉን ማንሳት ትችላላችሁ፣ ከዚያ በፊት የወሰደ ሰው ግን በፈቃዱ መሠረት መጠቀሙን ይቀጥላል። ሁለተኛው፣ ለኮምፒውተር ፕሮግራም እነዚህን ፈቃዶች አትጠቀሙ። ለዚያ እንደ ጂኤንዩ ጂፒኤልና ኤምአይቲ ያሉ የራሱ ፈቃዶች አሉ።

ደረጃ 3፦ ፈቃዱን ሥራው ላይ ጻፉት

የእኔ ጽሑፍ አሁን ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦

«የቅጂ መብት 2021፣ (የደራሲው ስም)። ይህ ማስታወሻ በክሪዬቲቭ ኮመንስ ባይ ኤስኤ 4.0 ዓለም አቀፍ ፈቃድ ቀርቧል። ሳትጠይቁኝ መገልበጥ፣ መተርጎም፣ ማሻሻልና ማሰራጨት ትችላላችሁ። ስሜን ጥቀሱ፣ የለወጣችሁትን ግለጹ፣ ያሻሻላችሁትን በዚሁ ፈቃድ አጋሩ። ምስል 12 እና 27 የሌላ ሰው ሥራ ናቸው፤ ፈቃዳቸው ከሥራቸው ተጽፏል።»

ከዚህ በታች የፈቃዱ ሙሉ ጽሑፍ የሚገኝበት ሊንክ አለ። እሱን አትርሱ። የእትሙን ቁጥርም አትርሱ። «ክሪዬቲቭ ኮመንስ» ብቻ ብሎ መተው ምንም አይነግርም፣ ስድስቱ በጣም ይለያያሉና። «ሳትጠይቁኝ» የምትለዋ ቃል ግን የራሴ ናት። የሕግ ግዴታ የለባትም። ያንን ኢሜይል ካየሁ በኋላ ጨመርኳት።

ጽሑፉን ድረ ገጹ ላይ ብቻ አድርጋችሁ አትተዉት። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ድረ ገጹ አብሮት አይሄድም። ፋይሉ ውስጥ፣ ለፎቶም ከሆነ የፋይሉ መረጃ ላይ አስገቡት። ለድምፅ ቅጂ መጀመሪያ ላይ በአፍ ተናገሩት።

ደረጃ 4፦ ፋይሉንም ክፈቱት

ፈቃዱ ክፍት ሆኖ ፋይሉ የተዘጋ ሥራ ብዙ አይቻለሁ። በስካነር ተነሥቶ በፒዲኤፍ የታሸገ መጽሐፍ ለማንበብ እንጂ ለመተርጎም አይመችም። ፒዲኤፉን ስታወጡ የሚታረመውን ዋና ፋይልም አብራችሁ አውጡ። ምስሎቹን ለብቻ አስቀምጡ። ምስል ውስጥ ጽሑፍ ካለ ደግሞ ሊቀየር በሚችል ፎርማት፣ ለምሳሌ በኤስቪጂ ይሁን።

በግዕዝ ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ደረጃ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በወጡ ፎንቶች የተጻፉ ጽሑፎች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ፣ በፍለጋም አይገኙም። አሮጌ ፋይል ካላችሁ ወደ ዩኒኮድ ሳትቀይሩ አታውጡት።

ለዓይነ ስውራንም አስቡ። ርዕሶችን በርዕስ ስታይል ጻፉ፣ በድምቀት ብቻ አትለዩ። ከእያንዳንዱ ምስል ጋር ምን እንደሚያሳይ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስገቡ። የስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር የሚያነበው እሱን ነው። ለ41 ምስሎች መግለጫ መጻፍ አሰልቺ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ምስል 9ን በቃላት ልገልጽ ስሞክር ሥዕሉ ራሱ ግራ የሚያጋባ መሆኑ ገባኝና አስተካከልኩት።

ደረጃ 5፦ የሚቆይ ቦታ አስቀምጡ

የቴሌግራም ቻናል ለማዳረስ ጥሩ ነው፣ ለማቆየት ግን አይሆንም። መልእክቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ቻናሉ ይዘጋል፣ ፋይሉ ከነፈቃዱ ይጠፋል። ፎቶ፣ ሥዕልና ድምፅ ከሆነ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ጫኑ። መጽሐፍና ማስታወሻ ከሆነ ኢንተርኔት አርካይቭ ከ1996 ጀምሮ እየሰበሰበ ያለ ቤተ መጻሕፍት ነው። የጥናት ወረቀትና ዳታ ከሆነ የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ተቋም የሆነው ሰርን የሚያስተዳድረው ዜኖዶ የሚባል ማከማቻ አለ። እሱ ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ቁጥር በነጻ ይሰጣል። ሦስቱም ስትጭኑ ፈቃድ ምረጡ ይሏችኋል፣ ከጻፋችሁት ጋር አንድ መሆኑን አይታችሁ ምረጡ።

ደረጃ 6፦ ሰው ሲጠቀምበት

አንዳንዱ ስማችሁን ሳይጠቅስ ይወስዳል። ወዲያው አትቆጡ። አብዛኛው ሰው ባለማወቅ ነው የሚያደርገው። አጭር መልእክት ጻፉለት፣ መጻፍ ያለበትን አንድ መስመርም አዘጋጅታችሁ ላኩለት። በእትም 4.0 ፈቃዱን የጣሰ ሰው ፈቃዱ ወዲያው ይቋረጥበታል። ጥፋቱን ካወቀ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ ግን ፈቃዱ በራሱ ይመለስለታል። ለይቅርታ ቦታ የተወ ሕግ ስለሆነ ደስ ይለኛል።

አስተማሪዋን በሚቀጥለው ዓመት መልሼ ጻፍኩላት። ምዕራፉን ተረጎመችው። ስትተረጉም ደግሞ ገጽ 22 ላይ የመቀነስ ምልክት መሆን የነበረበት መደመር ሆኖ አገኘችው። ብዙ ሰው አንብቦት ያላየው ስህተት ነው። ለመተርጎም የተቀመጠ ሰው እያንዳንዱን መስመር ያያል።

ለጥናት ጸሐፊዎች፦ ሳትፈርሙ በፊት

የጥናት ወረቀት ለብቻው ጉዳይ ነው። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ከእጃችሁ የሚወጣው ከአሳታሚው ጋር በምትፈርሙት ውል ነውና። ወረቀታችሁ ሦስት መልክ አለው፦ ለመጽሔቱ የላካችሁት የመጀመሪያ ረቂቅ፣ በገምጋሚዎች ታይቶ የጸደቀው ጽሑፍ፣ አሳታሚው አሳምሮ ያተመው። ብዙ መጽሔቶች ሁለተኛውን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በነጻ እንድታወጡ ይፈቅዳሉ። የመጽሔቱን ደንብ አንብቡ። የማይፈቅድ ከሆነ «የጸደቀውን ጽሑፍ በክፍት ማከማቻ የማስቀመጥ መብት ለጸሐፊው የተጠበቀ ነው» የሚል መስመር ውሉ ላይ እንዲገባ ጠይቁ። ቢበዛ እምቢ ይላሉ።

ጀርመን ይህን ለጸሐፊው ልመና አልተወችውም። ከ2014 ጀምሮ፣ ቢያንስ ግማሽ ወጪው በሕዝብ ገንዘብ የተሸፈነ ጥናት በዓመት ቢያንስ ሁለቴ በሚወጣ መጽሔት ላይ ከታተመ፣ ጸሐፊው ከ12 ወር በኋላ የጸደቀውን ጽሑፍ ለንግድ ላልሆነ ዓላማ ማውጣት ይችላል። ውሉ ሌላ ቢልም። የሕዝብ ገንዘብ የከፈለበትን ዕውቀት ሕዝቡ እንደገና ከፍሎ ማንበቡ ሁሌም ይከነክነኛል። ይህ ሕግ ያንን በአንድ አንቀጽ ነካው።

ደረጃ 7፦ ሕጉ እንዲሻሻል ጻፉ

እስካሁን ያየነው የሚሠራው በሕይወት ላለና ፈቃደኛ ለሆነ ባለቤት ነው። የሞቱ ደራሲዎች፣ ወራሻቸው የማይታወቅ መጻሕፍት፣ የተበተኑ ድርጅቶች ያሳተሟቸው ነገሮች ፈቃድ የሚሰጥላቸው የለም። እነሱን የሚከፍተው ሕግ ብቻ ነው። ሕግ ሲረቀቅ ደግሞ መብታቸው እንዲረዝም የሚፈልጉ ድርጅቶች ጠበቃ ይልካሉ። አስተማሪና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ግን ብዙ ጊዜ የለም።

የቅጂ መብት ረቂቅ ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ ጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል። ስለ አጠቃላይ ፍትሕ አትጻፉ፣ አንድ አንቀጽ ምረጡ። መጀመሪያ በእናንተ ላይ የደረሰውን አንድ ነገር በቀንና በቁጥር ንገሩ። ቀጥሎ የትኛው አንቀጽ እንደከለከላችሁ ጥቀሱ። ከዚያ አንቀጹ ምን ተብሎ ቢጻፍ እንደሚሻል ቃል በቃል አቅርቡ። አርቃቂዎች ቅሬታ ይሰበስባሉ፣ ወደ ረቂቁ የሚገባው ግን የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ነው።

«ይህ ከዓለም አቀፍ ስምምነት ጋር ይጋጫል» የሚል መልስ ይመጣባችኋል። ስለዚህ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። የበርን ስምምነት ያለ ፈቃድ መቅዳትን ሕግ እንዲፈቅድ ሦስት መለኪያ አስቀምጧል፦ ለተወሰነ ልዩ ጉዳይ ይሁን፣ ከሥራው መደበኛ ገበያ ጋር አይጋጭ፣ የደራሲውን ተገቢ ጥቅም ያለ አግባብ አይጉዳ። የእናንተ ሐሳብ ሦስቱን እንዴት እንደሚያልፍ በሦስት ዓረፍተ ነገር አሳዩ።

ሌላ አገር ያደረገውን መጥቀስም ያግዛል። የማራኬሽ ስምምነት በ2013 ጸድቆ ከ2016 ጀምሮ ይሠራል፤ መጻሕፍትን ለዓይነ ስውራን በሚመች መልክ ማዘጋጀትንና ድንበር አሻግሮ መለዋወጥን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ይፈቅዳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ ጊዜው ያለፈበትን ሥዕል እንዲያው ፎቶ አንሥቶ አዲስ የቅጂ መብት መጠየቅን ከልክሏል። ሲንጋፖር በ2021 ሕጓ በኮምፒውተር የዳታ ትንተና ለማድረግ ሥራዎችን መቅዳትን ፈቅዳለች፤ ይህን ፈቃድ በውል መሻር እንደማይቻልም ጽፋለች። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነው። ሕግ የፈቀደውን የዳታቤዝ ውል መልሶ የሚወስደው ከሆነ ፈቃዱ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ደብዳቤውን ስትልኩ የደረሰበትን ማረጋገጫ ተቀበሉ፣ ቀኑንም መዝግቡ። አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት ማኅበር፣ አንዱን ለመምህራን ማኅበር አድርሱ። ሌላውን ኢንተርኔት ላይ አውጡት፣ ግርጌው ላይም «ሲሲ ዜሮ» ብላችሁ ጻፉ። ሌላ ሰው ያዘጋጃችሁትን አንቀጽ ቃል በቃል ወስዶ በራሱ ስም ለማስገባት እናንተን ማስፈቀድ አያስፈልገውም።